ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ምን ይቅመስ?

በአገራችን ቆሎ የማይዞርበት ድግስ ጥቂት ነው። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው በአንድ ሳህን ተደባልቆ ይቀርባል፤ ከሳህኑም ትልቁም ትንሹም ይዘግናል። ከዘጋኞቹ መካከል ኦቾሎኒ የማይስማማው ሕፃን ቢኖር እናቱ «ኦቾሎኒውን ለቅሜ ብሰጠው አይበቃምን?» ብላ ብትጠይቅ አያስደንቅም። አጭሩ መልስ «አይበቃም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሕክምናውን ለሐኪሞች ትቶ፣ ለምን እንደማይበቃ በመጠንና በዕድል ስሌት ለማስረዳት ይሞክራል፤ ጣፋጭ ለመምረጥ የሚያግዘውም ይኸው ስሌት ነውና።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ለውዝ» የተባለው በዛፍ ላይ የሚያፈራው፣ ፈረንጆች አልሞንድ የሚሉት ነው፤ በዐረብኛም ስሙ ተመሳሳይ ነው። በአዲስ አበባ ሱቆች ግን «ለውዝ ስጠኝ» ያለ ሰው የሚሰጠው ከመሬት ሥር የሚቆፈረው ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ሲሆን፣ አልሞንድ፣ ካሹ፣ ፒስታቺዮ፣ ዋልነትና ሃዘልነት የዛፍ ፍሬዎች ናቸው። ኦቾሎኒ ከማይስማማቸው ልጆች መካከል ጥቂት የማይባሉት ከዛፍ ፍሬዎችም አንዱ ወይም ሌላው አይስማማቸውም። ስለዚህ «ለውዝ የለበትም» የሚለው የባለሱቅ ማረጋገጫ ስለ የትኛው ለውዝ እንደሆነ ካልተጠየቀ ዋጋ የለውም። በአንጻሩ የዘመድነት ነገር ከልክ በላይ ሊያስፈራን አይገባም፤ ኦቾሎኒ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሽምብራና ምስር ያለ ችግር ይበላሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥራጥሬ ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ እርሱም ግብጦ ነው። በጎጃምና በአካባቢው ተቆልቶና ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ የሚበላው ይህ ፍሬ ከኦቾሎኒ ጋር የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉት። መዘፍዘፉ የሚያወጣለት መራራውን ንጥረ ነገር እንጂ ፕሮቲኑን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2006 ግብጦን በምግብ ማሸጊያ ላይ በግድ ሊጻፉ ከሚገባቸው አለርጂ ቀስቃሾች መካከል መድቦታል።

ሰውነት የሚያውቀው ቅርጽ

አለርጂ መመረዝ አይደለም፤ ከተሕዋስያንም ጋር ግንኙነት የለውም። በሽታ የመከላከል ሥርዓታችን አንድን ጉዳት የሌለው ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያካሂደው ዘመቻ ነው። ይህ የተሳሳተ ዕውቀት በደም ውስጥ እንደሚገኝ በ1921 እ.ኤ.አ. ካርል ፕራውስኒትስና ሃይንሪሽ ኪውስትነር የተባሉ ጀርመናውያን አሳይተዋል። ዓሣ የማይስማማው ኪውስትነር ነበር፤ ፕራውስኒትስ ከእርሱ የተወሰደውን የደም ውኃ በራሱ ቆዳ ሥር ካስወጋ በኋላ የዓሣ ቅመሩ እዚያው ቦታ ላይ ሲወጋ ቆዳው አበጠ። የጉዳዩ ባለቤት የሆነው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ፣ ተለይቶ የታወቀው ግን ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው።

ይህ ፀረ እንግዳ አካል ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ እንደ አንቴና ተተክሎ ይጠብቃል። አንድ የኦቾሎኒ ፕሮቲን መጥቶ ሁለት አጎራባች አንቴናዎችን በአንድ ጊዜ ሲያገናኝ ሕዋሱ ያከማቸውን ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎች ይለቃል። ማሳከክ፣ የከንፈር እብጠት፣ ማስታወክ፣ ሲከፋም የመተንፈሻ ቱቦ መጥበብና የደም ግፊት መውደቅ ይከተላሉ። ወሳኙ ነገር እንግዲህ የፕሮቲኑ ቅርጽ ነው።

ከዚህ የተነሳ «ተቆልቷልና ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። ሙቀት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የኦቾሎኒ ፕሮቲኖች ግን፣ በተለይ አራ ኤች 2 የተባለው፣ በሰልፈር ማሰሪያዎች የተጠፈሩ ስለሆኑ ሙቀትንም የጨጓራን አሲድም ይቋቋማሉ። እንዲያውም በደረቁ ሲቆላ ፕሮቲኑ ከስኳር ጋር ተጣምሮ ከፀረ እንግዳ አካሉ ጋር የመያያዝ ኃይሉ ይጨምራል። ሽታውስ? የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ ከፕሮቲን በመቶ እጅ የሚያንሱ፣ በቀላሉ የሚተንኑ ሞለኪውሎች ነው፤ ፕሮቲን አይተንም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ኦቾሎኒ በእጅጉ የማይስማማቸው 30 ልጆች የኦቾሎኒ ቅቤ በአቅራቢያቸው ተደርጎ ቢያሸቱም አንዳቸውም አልታመሙም። ሲፈጭ የሚነሣው ዱቄት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ፕሮቲኑን ራሱን ይዞ ይበራል።

ስንት ነው ጥቂት?

በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች ለኦቾሎኒ መነሻ መጠን አድርገው ያቀረቡት 2 ሚሊ ግራም ፕሮቲን ነው። ይህ መጠን ኦቾሎኒ ከማይስማማቸው መቶ ሰዎች አምስቱን ያህል የሚታይ ምልክት ሊያሳያቸው ይችላል ተብሎ የተሰላ ነው። ወደ ወጥ ቤት ቋንቋ እንመልሰው። ከኦቾሎኒ ክብደት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ 2 ሚሊ ግራም ፕሮቲን በ8 ሚሊ ግራም ኦቾሎኒ ውስጥ ይገኛል። ይህም እያንዳንዱ ጎኑ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ኩብ፣ በክብደት ደግሞ የአንድ ገብስ ፍሬ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከተለቀመ ቆሎ ሥር የሚቀረው ስባሪ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ቀዩ ገለፈት ላይ የተጣበቀውን ደግሞ ዓይን አይለየውም።

መጠኑም ለአንድ ልጅ ቢሆን እንኳ ቋሚ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአዋቂዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሰውነት እንቅስቃሴም ሆነ የእንቅልፍ እጦት ሰውነት የሚታገሠውን መጠን በአማካይ በ45 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። በልደት ቀን ሲሯሯጥ ውሎ የሚበላ ልጅ ትናንት እቤቱ ተቀምጦ ከበላው ልጅ ጋር አንድ አይደለም።

«አምስት ጊዜ በልቶ ምንም አልሆነም»

ወላጆች ስለ አንድ ሱቅ ቆሎ ወይም ብስኩት እንዲህ ሲሉ ይሰማል። ጸሐፊው በክፍል ውስጥ ፕሮባቢሊቲን ሲያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘም። በጥፍጥፍ ውስጥ እንደሚሟሟ ጨው ሳይሆን፣ ስባሪ በቆሎ ውስጥ የሚገኘው እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው፤ አንዱ እፍኝ ይኖረዋል፣ ሌላው አይኖረውም። ከአሥር እፍኝ አንዱ ጎጂ ስባሪ አለው እንበል። አንድ እፍኝ ንጹሕ የመሆኑ ዕድል 0.9 ነው፤ አምስት ተከታታይ እፍኞች ንጹሕ የመሆናቸው ዕድል 0.9 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.59 ይሆናል። ከአሥር ቤተሰቦች ስድስቱ ያህል በዚህ አደገኛ ቆሎ «አምስት ጊዜ በልቶ ምንም አልሆነም» ለማለት ይችላሉ ማለት ነው። አደጋው ከአሥር አንድ በታች ነው ብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር ቢያንስ 29 ንጹሕ እፍኞች ያስፈልጋሉ፤ ያም ቢሆን ሁሉም ከአንድ ጆንያ ሲወጡ ብቻ ነው። ጆንያው ሲቀየር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የሙከራው መሣሪያ ደግሞ ልጁ ነው!

ስለሆነም ጥያቄው «ይህ ጣፋጭ ምን አደረገው?» ሳይሆን «ይህ ጣፋጭ በየት በየት አለፈ?» መሆን አለበት። ምጣዱ ኦቾሎኒ ተቆልቶበታልን? የጁስ ቤቱ መፍጫ ከዚህ በፊት ምን ፈጨ? መስፈሪያው ሲኒ ከየትኛው ጆንያ ወጣ? በተለይ በጾም ወቅት የኦቾሎኒ ቅቤ በወተትና በቅቤ ፈንታ ወደ ኬክና ወደ መጠጥ ስለሚገባ ይህ ጥያቄ ይበረታል። ባቅላባ በለውዝ የሚሠራ ነው፤ በዳቦ ላይ የሚቀባው ኑቴላ ሃዘልነት አለበት። ለተጎዱ ሕፃናት ማገገሚያ የሚሰጠው ፕላምፒ ነትም ዋነኛ ይዘቱ የኦቾሎኒ ልቁጥ ነው፤ ልጆች እንደ ከረሜላ ሲቃመሱት እያዩ ዝም ማለት አይገባም። ዘይትን በተመለከተ በፋብሪካ በደንብ የተጣራው የኦቾሎኒ ዘይት ፕሮቲኑ ስለሚወጣለት እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት ከተሞከረባቸው 60 ሰዎች አንዱንም አላሳመመም፤ ያልተጣራው ግን ስድስቱን ነክቷቸዋል። በመጭመቂያ የወጣ ዘይት እንግዲህ ከሁለተኛው ወገን ነው። በውጭ አገር ማሸጊያዎች ላይ የሚታየው «ሊኖርበት ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ በአሜሪካም በአውሮፓም በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው፤ ስለዚህ አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

መንገዱ አጭር የሆነ ምግብ ጥያቄውም አጭር ነው። ተልጦ የሚበላ ሙዝና ብርቱካን፣ ሸንኮራ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ እቤት በራስ ድስት የፈነዳ ፈንዲሻ፣ በራስ ምጣድ የተቆላ ገብስ፣ ከሚታወቅ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ቆሎና አምባሻ ከዚህ ይመደባሉ። ሰሊጥ ግን የራሱ አለርጂ ስላለው ለእንዲህ ያለ ልጅ ከመስጠት በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ዕቃውንና እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ፕሮቲኑን ያስወግዳል፤ በአልኮል የሚሠራው የእጅ ማጽጃ ተሕዋስያንን ቢገድልም ፕሮቲኑን ካለበት አያነሣውም።

ይህን ያነበበ ሁሉ ጤነኛ ጨቅላውን ከኦቾሎኒ እንዲያርቅ አንሻም። እንግሊዝና አሜሪካ እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጡ ቆይተው በ2008 እ.ኤ.አ. ትተውታል። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት ባምባ የተባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ ገና በጨቅላነታቸው በሚቀምሱት የእስራኤል ልጆች ዘንድ አለርጂው በእንግሊዝ ከሚኖሩት አይሁዳውያን ልጆች በአሥር እጅ ያነሰ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የለንደን ሙከራም 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን ተከታትሎ ቀድሞ መቅመስ አለርጂውን በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የሚቀመሰው ግን የቀጠነ ልቁጥ እንጂ የሚያንቅ ፍሬ መሆን የለበትም፤ ኤክዜማ የጠናበት ሕፃን ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። አለርጂው በተገኘበት ልጅ ላይ ይህን በቤት መሞከር ፈጽሞ አይፈቀድም።

ጥንቃቄው ሁሉ አልፎ ልጁ ቢታመም፣ የመተንፈስ ችግር፣ የድምፅ መዘጋት ወይም መዝለፍለፍ ከታየበት የመጀመሪያው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የማሳከክ ክኒን አይተካውም፤ ጊዜም ያባክናል። ወደ ጤና ተቋም እስኪደርስ በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን ማስቀመጥ ይገባል፤ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ ማድረግ የደም ግፊቱን በድንገት ሊጥለው ይችላል።