«ምንም አያመኝም»፦ የደም ግፊትን በስሜት ሳይሆን በመለኪያ ማወቅ

ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል የጤና ጥያቄ አይቀርም። «ግፊቱስ እንዴት ነው?» ሲባሉ ብዙ ወላጆች የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አያመኝም።» ጠያቂውም ልቡ ያርፋል። በዚህ ሕመም ረገድ ግን «አያመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆነ ሰዎች መካከል ከ1.2 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ይገልጻል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ደሙ በዝቶ ነው?

በተለምዶ «ደም ብዛት» የሚለው ስያሜ ደም ከመጠን በላይ የበዛ ያስመስላል። ችግሩ ግን የደሙ መጠን ሳይሆን፣ ደሙ ሲዘዋወር በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው።

መለኪያው ሁለት ቁጥሮችን ያሳያል። የላይኛው ልብ ተኮማትራ ደም ስትረጭ ያለውን ግፊት፣ የታችኛው ደግሞ በሁለት ምቶች መካከል ስታርፍ ያለውን ግፊት ያመለክታል። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ልብ፣ አንጎል፣ ኩላሊትና ዓይንም አብረው ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ሕመም ነው። ብዙዎች የራስ ምታትን እንደ ማስጠንቀቂያ ቢጠብቁም፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ራሱን ላያመው ይችላል።

በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አልያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የደም ግፊት ነው ይባላል። በአሜሪካ ግን በ2017 በወጣው መመሪያ መሠረት ገደቡ 130 በ80 ነው። በመሆኑም አዲስ አበባ ላይ «ደህና ነው» የተባለ ሰው ዋሽንግተን ላይ «ከፍ ብሏል» ቢባል፣ የተለያየው መስፈርቱ ሊሆን ስለሚችል ሊደናገጥ አይገባም።

በቤት ውስጥ አለካክ

በውጭ የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ከሚልኳቸው ዕቃዎች አንዱ የግፊት መለኪያ ነው። ሲገዛ ከእጅ አንጓ ይልቅ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ ትክክለኛነቱም በምርመራ የተረጋገጠለትን መምረጥ ይመከራል። በክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ልክም ወሳኝ ነው፤ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የወላጅን ክንድ ዙሪያ በሜትር አስለክቶ መጠየቅ ጥሩ ነው።

መለኪያው ጥሩ ቢሆንም አለካኩ ከተሳሳተ ቁጥሩ ያሳስታል። ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አለመጠጣት፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ከባድ ሥራም አለመሥራት።
• ሽንት ቤት ገብቶ መውጣት፤ ከዚያም ለአምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ ማረፍ።
• ጀርባን ወንበር ላይ አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ መቀመጥ።
• ጨርቁን በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ማሰር፤ ክንዱን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ።
• በሚለካበት ጊዜ አለመነጋገር፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት።

ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በሚጫወትበት ሰዓት የተለካ ግፊት አያስተማምንም። ጠዋት መድኃኒት ከመወሰዱ በፊትና ማታ ለተከታታይ ቀናት ለክቶ ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተር መመዝገብ፣ ለሐኪሙ ከአንድ ቀን ልኬት የተሻለ መረጃ ይሰጠዋል።

ጨው የሚደበቅበት

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ መሆኑ ነው። በእኛ ማዕድ ቤት ጨው የሚገባው ወጡ ሲሠራ ብቻ አይደለም። በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ምጥን ሽሮው ሲዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ጨው ይጨመርባቸዋል። በውጭ አገር ደግሞ ዳቦው፣ የታሸገው ምግብና ወጥ ማጣፈጫ ኩቡ ይታከሉበታል።

መፍትሔው ጣዕም የሌለው ምግብ መብላት አይደለም። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨውን መተው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ቀምሶ በልኩ መጨመር፣ ነጭ ሽንኩርትን፣ ዝንጅብልን፣ ኮረሪማንና ሎሚን በርከት ማድረግ ይቻላል። ለአንድ ሰው ብቻ ለብቻው ከማብሰል የቤቱን ሁሉ ጨው መቀነስ ለልጆችም ይበጃል።

መድኃኒትና ጾም

የግፊት ክኒን ሲያም ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻ አይደለም። ቁጥሩ የወረደው ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ስለሠራ በመሆኑ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ግፊቱን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዕፅዋትም ሆነ ጸበል የታዘዘውን ክኒን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆኑ አይገባም። ጸሎቱና ክኒኑ አብረው መሄድ ይችላሉ።

የሁዳዴ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል። ሐኪሙ ክኒኑ የሚወሰድበትን ሰዓት ከጾሙ ጋር ሊያስማማው ይችላል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ውኃ ሳይጠጡ ሲውሉ ሰውነታቸው ፈሳሽ ሊያጣ ስለሚችል በተለይ መጠየቅ አለባቸው።

የአንዱን ክኒን ለሌላው መላክም አደገኛ ነው። ለአባት የተስማማው ለእናት ላይሆን ይችላል፤ በእርግዝና ወቅት ፈጽሞ የማይወሰዱ የግፊት መድኃኒቶችም አሉ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድም ደቂቃ ሳይባክን አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል። ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ግራ መጋባት ካለም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከባድ ራስ ምታትና የእይታ ለውጥ ካጋጠማት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። የአምቡላንስ ስልክ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገራት 112፣ በእስራኤል 101፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ደግሞ 907 ነው።

ከእነዚህ አብዛኞቹን አስቀድሞ ለመከላከል ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። በሚቀጥለው የስልክ ጥሪ ከ«ያምዎታል ወይ?» ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ «ዛሬ ሲለኩ ስንት ሆነ?» እና «ክኒኑ ስንት ቀን ቀረው?» መልሱ «ምንም አያመኝም» ከሆነ፣ ጥያቄው ገና አልተመለሰም።