ለሚኒሶታ ጫካ የሚበቃው ስኮፕ

ኖቬምበር ሲቃረብ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ያሉ የአደን ዕቃ መደብሮች በብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ ይሞላሉ። የመጀመሪያ ጠመንጃውን የያዘ ሰው ስኮፕ፣ ማለትም በጠመንጃው ላይ የሚታሰር ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ሲመርጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ትልልቅ ቁጥር በተጻፈበት ላይ ነው፤ 24 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 56 ሚሊሜትር የሆነ። አጠገቡ የተቀመጠው 3-9×40 የጀማሪ ዕቃ ይመስለዋል። በሰሜን ሚኒሶታ ጥቅጥቅ ጫካ፣ አጋዘን ብዙ ጊዜ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት በሚታይበት አገር፣ የሚያዋጣው ግን ይኸው የተናቀው ነው።

ቁጥሩ ሲነበብ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የብርሃን ነገር ነው። «ቁጥሩ ሲበዛ ምሽት ላይ ይበልጥ ያሳያል» ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉያው ቁጥር ማካፈል። 3-9×40ው ማጉያው 5 ላይ ሲደረግ 40 ለ5 ተካፍሎ 8 ይሆናል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር ነው። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተው እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ከዚያም ይጠባል። ስለዚህ ከ8ቱ የሚተርፈው ብርሃን ለማንም አይጠቅምም። ያ ውዱ ስኮፕ ግን 24 ላይ ሲደረግ 56 ለ24 ተካፍሎ 2.3 ሚሊሜትር ብቻ ይሰጣል፤ ምስሉ ይጨልማል። የሚኒሶታ ሕግ የአጋዘን አደንን ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ይፈቅዳል፤ አጋዘኑም በብዛት የሚንቀሳቀሰው በዚያው ድንግዝግዝ ነው። በዚያ ሰዓት ማጉያውን ወደ 4 ወይም 5 መመለስ ሌላ 500 ዶላር ከመጨመር ይሻላል። ሰፊ ሌንስ ደግሞ ከፍ ያለ መያዣ ይፈልጋል፤ ያኔ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ይነሳና ማነጣጠሩ ይናጋል።

ገንዘብ የሚገባው ውኃና ጉም ለማያስገባ አካል ነው። የኦሪጎኑ ሉፖልድ ኩባንያ እንደሚተርከው፣ ማርከስ ሉፖልድ አጋዘን ያመለጠው ስኮፑ ከውስጥ ጉም ስለያዘበት ነበር። ኩባንያው በ1940ዎቹ አየሩን አስወጥቶ ናይትሮጅን መሙላት ጀመረ፤ ዛሬ ርካሽ የሚባሉት ሳይቀሩ እንዲሁ ይሞላሉ። የጎረቤት ዊስኮንሲኑ ቮርቴክስም ሆነ ሉፖልድ ደረሰኝ ሳይጠይቁ ዕድሜ ልክ ይጠግናሉ። ከሁለቱም በ300 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ደህና 3-9×40 ይገኛል።

የስኮፕ ስም በከንቱ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከጠመንጃው ጋር በሚያስረው፣ ብሎኑ በላላ ቀለበት ነው። መደብር ውስጥ ስኮፑን በማስተካከያ መሣሪያ ማስተካከል ደግሞ ጅምር እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ተኩስ ሜዳ ሄዶ፣ ለአደን በሚያዘው በዚያው ጥይት፣ በ100 ያርድ መፈተሽ ግድ ነው። በብዙዎቹ ስኮፖች የማስተካከያው መዘውር 4 ቀጭታ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ በዚያ ርቀት አንድ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሰዋል።

አንድ ነገር ግን ይቅር የማይባል ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የተንቀሳቀሰውን ለመለየት ስኮፑን ማንሳት። ስኮፑ በዞረበት አፈሙዙም ይዞራል፤ ከቁጥቋጦው ኋላ ያለው ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ከትልቁ ስኮፕ የተረፈው ገንዘብ ባይኖኩላር ይገዛበት፤ ጠመንጃው የሚነሳው አጋዘን መሆኑ በባይኖኩላር ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን።