የሰፈራችንን ምክር ቤት ምን ብለን እንጠይቅ?

 

የዛሬው ርእሳችን ከሰላትና ከጾም የራቀ ሊመስል ይችላል። የምንነጋገረው በየሰፈራችን ስለሚሠራው መንገድ፣ ስለ ቦኖው፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጎርፍ መውረጃው ነው። ማን ይወስናል? ገንዘቡስ የት ገባ? ነዋሪው ይህንን ምክር ቤቱን እንዴት ይጠይቅ? ለመንገድ መዋጮ ሲባል ጠዋት ገበያ ወርዳ ከሸጠችው ላይ ሃምሳ ብር ቆጥራ የምትሰጥ እናት አለች። ያ ሃምሳ ብር ከልጆቿ ራት ላይ የተነሳ ነው። የሰው ሐቅ የገባበት ነገር ሁሉ ደግሞ የዲን ጉዳይ ነው።

ከምናውቀው እንጀምር። በገለምሶም ይሁን በጭሮ፣ በበደሳም ይሁን በሂርና ወይም በመቻራ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫው ላይ ስለ ቀበሌ የማይነሳ ነገር የለም። የቦኖው ውሃ ለምን እንደጠፋ፣ ኮብልስቶኑ ለምን ከአንዱ ሰፈር ደርሶ እንደቆመ በዝርዝር ይነገራል። ሴቶቹ ደግሞ ቡናው ላይ የሚያወሩት ከወንዶቹ ይበልጥ የተጣራ ነው፤ ጀሪካኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና። ስብሰባ ተጠርቶ መድረኩ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ግን፣ በአገራችን በብዙ ቦታ፣ ያ ሁሉ አንደበት ይታሰራል። የሚነሳ ሰው ቢገኝ እንኳ «የመልካም አስተዳደር ችግር አለ» ብሎ ይቀመጣል። መድረኩም «አዎን፣ የመልካም አስተዳደር ችግር አለ፤ በሂደት እንፈታዋለን» ይላል። ቃለ ጉባኤ ይያዝና ሰው ወደ ቤቱ ይበተናል። ጠቅላላ ጥያቄ ጠቅላላ መልስ ነው የሚወልደው።

መጠየቅ እንደ ድፍረት እንዳይታየን አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝቡ በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖርበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ሲል ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ነው። ስለዚህ «ይህ መንገድ በእኛ ሰፈር በኩል ሲያልፍ ማን አማከረን?» የሚል ሰው ውለታ አልለመነም።

የእኛን አካባቢ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ኦዳ ቡልቱም በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ነው፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ አባቶች በኦዳው ሥር ተሰብስበው የሚመክሩበት ቦታ ነበር። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በስምንት ዓመት ይገደባል። መሪው በጉባኤ ፊት ይጠየቃል፤ አጥፍቶ ከተገኘም ‹ቡቂሱ› በሚባለው ሥርዓት ጊዜው ሳይደርስ ይነሳል። በጽሑፍ የሰፈረው ሕግ ግን እዚህ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በዚያ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ። የጨርጨር ገበሬ ተወካዩን ራሱ ሊመርጥ የቻለው ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ተወካዬ ማን ነው?» የሚለውን ይሁን። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ብሎ ነበር። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመረጠ። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተራዘመ። በዚህ መሐል የሞተ አለ፣ አገር የለቀቀ አለ፤ ጎረቤቱ የምክር ቤት አባል መሆኑን የማያውቅም ብዙ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ምክር ቤቱንና ካቢኔውን አንለይም። ሥራውን የሚሠራው ካቢኔው ነው፤ ዕቅድና በጀት የሚያጸድቀው፣ ካቢኔውንም የሚጠይቀው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ለሊቀመንበሩ ወይም ለከንቲባው ብቻ ከደረሰ ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። ለአፈ ጉባኤው በጽሑፍ መድረስ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ማወቅ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያና በሌሎች ሦስት ትላልቅ ክልሎች ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል በጀት እየተቀበሉ ራሳቸው ማከፋፈል ጀመሩ። ከተሞች ደግሞ ከቦታ ኪራይና ከልዩ ልዩ አገልግሎት የሚሰበስቡት የራሳቸው ገቢ አላቸው። ሦስተኛው የእርዳታ ድርጅቶች የሚሰጡት ነው። አራተኛው የእኛው መዋጮ ነው፤ እሱም በገንዘብ፣ በድንጋይና በአሸዋ፣ በጉልበትም ይሰጣል። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ከአራቱም ኪስ ወጥቶበት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ተለይቶ ካልቀረበ የመዋጮውን ስንጠይቅ የበጀቱ ይነገረናል፣ የበጀቱን ስንጠይቅ የእርዳታው ይነገረናል። የመዋጮው ጥያቄ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን፦ በስንት ቁጥር ደረሰኝ ስንት ብር ተሰበሰበ? በየትኛው ባንክ ገባ? በማን ፊርማ ወጣ? ቀሪው ስንት ነው?

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥቅምት ላይ ተነስቶ «ለምን የእኛ ሰፈር ቦኖ አልታቀደም?» የሚል ሰው ባቡሩ ካለፈ በኋላ ጣቢያ እንደደረሰ ነው። የበጀት ጥያቄ ከሐምሌ በፊት፣ ዕቅዱ ገና ከታች ወደ ላይ በሚሄድበት ወቅት ይቅረብ። የግንባታ ጥያቄ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ሥራ ተቋራጩ ሲጨርስ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ በብዙ ውሎች አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል። በመካከሉ ለብልሽት ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ተይዞ ይቆያል። ግድግዳው የተሰነጠቀው፣ ዲቹ ውሃ የማያሳልፈው በዚያ ዓመት ውስጥ ከሆነ የሚያስተካክለው ተቋራጩ በራሱ ወጪ ነው። ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ከሆነ ግን የጥገናው ወጪ ዞሮ ወደ እኛ፣ ምናልባትም ወደ ሌላ መዋጮ ይመጣል። «የመጨረሻው ርክክብ መቼ ነው? ነዋሪው ሳያየው እንዳይፈረም» ማለት የበርጫ ወሬ ወደ ሥራ ሲለወጥ ማለት ነው።

ወረቀት በሕዝብ ፊት መነበቡ ምን ያህል እንደሚሠራ ከጎረቤት አፍሪካ እንይ። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስኬጃ ከሚልከው ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚደርሰው በአማካይ ከመቶ 13 ብቻ እንደነበር በጥናት ታወቀ። መንግሥት ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት፣ ትምህርት ቤቶችም የተቀበሉትን በግድግዳቸው መለጠፍ ጀመሩ። በ2001 የሚደርሰው ከመቶ ሰማንያ በላይ ሆነ። ሌሎች ምክንያቶችም ሊያግዙ ይችላሉ፤ ይሁንና ወላጅ የተላከውን ቁጥር ማወቁ ትልቁን ሥራ እንደሠራ አጥኚዎቹ ተናግረዋል። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም የወረዳ በጀትን በሰሌዳ መለጠፍ ተጀምሮ ነበር። ተገልጋዩ ለብቻው፣ የጤና ጣቢያው ወይም የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ለብቻው አገልግሎቱን ነጥብ ሰጥተው፣ በኋላ ፊት ለፊት የሚገናኙበት አሠራርም በብዙ ወረዳዎች ተሞክሯል። ሰሌዳው ግን የሚያነበው ሰው ከሌለ ከአቧራ በቀር የሚይዘው የለም። አረብኛ እንጂ ሌላ ጽሕፈት ያልተማሩ አባቶቻችን ፊት ቆሞ የሚያነብ ወጣት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና። የጠየቀ ሰው እንደ ተቃዋሚ የሚታይበት ጊዜ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ድሃው ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እንውሰድ። የምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎችም የታቀፉበት ነው። በመመሪያው ተረጂውን የሚለየው ማኅበረሰቡ ነው፤ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ የእርከኑና የመንገዱ ሥራ በነዋሪው ተሳትፎ ይታቀዳል፤ የተበደለም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ነገም እንደሚጽፈው የምታውቅ ባልቴት «እኔ ዝም ልበል፣ ስሜን እንዳይሰርዙት» ብትል ማን ይፈርድባታል? ለዚህ ነው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይዞ መቅረብ የሌለበት። ሃያ አባወራና እማወራ የፈረሙበት ወረቀት የማንንም ስም ለይቶ አያስመታም።

ከታሪካችን የኩፋን ነገር እናስታውስ። የኩፋ ሰዎች አሚራቸውን ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስን (ረ.ዐ.) ለኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ከሰሱ። ሰዕድ ከታላላቅ ሶሐቦች አንዱ ነበሩ። ዑመር ግን «እናንተ ማን ሆናችሁ ነው እሱን የምትከሱት?» ብለው አልመለሷቸውም። ከኃላፊነቱ አነሷቸው፣ ቃላቸውን ሰሙ፣ ከዚያም ሰው ልከው በኩፋ መስጂድ ሁሉ እየዞሩ ነዋሪውን እንዲጠይቁ አደረጉ። በሁሉም መስጂድ በመልካም ተነሱ፤ በአንዱ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ ክፉ ተናገረባቸው። ዑመር በኋላ፣ በሞት አፋፍ ሳሉ፣ ሰዕድን ያነሷቸው በድክመት ወይም በክህደት እንዳልሆነ መስክረውላቸዋል። በዚህ ውስጥ ለጠያቂውም ትምህርት አለ። መጠየቅ መክሰስ አይደለም፤ ሳያጣሩ «በላ» ማለት ደግሞ የሰው ክብር መንካት ነው። «ደረሰኙን አሳዩን» ያለ ሰው ማንንም ሌባ አላለም።

ይህ ሚዛን ለእኛም ለመስጂድ ኮሚቴዎች ይሠራል። የጁምዓ ሳጥን ከፍተን፣ ለሚናራ፣ ለመድረሳ፣ ለአጥር እያልን የምንሰበስብ እኛ ነን። ቀበሌውን «ሒሳብ አቅርብ» የሚል ጀመዓ የራሱን መስጂድ ሒሳብ በየስንት ወሩ ይሰማል? ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ። ልጆቻችን ሒሳብ መጠየቅን እዚያ ከለመዱ ቀበሌ ሲደርሱ አንደበታቸው አይያዝም።

መልስ ካልተሰጠስ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍ ወይም በቃል እንዲጠይቅ ፈቅዷል። መልሱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት፣ ክልከላም ከምክንያቱ ጋር መገለጽ እንዳለበት አስቀምጧል። ስለዚህ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ መዝገብ ቤት ይግባ፤ በሌላው ላይ ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ቤት ይመለስ። ሠላሳው ቀን ካለፈ ያንኑ ቅጂ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። ቅጂው ከልጆች የልደት ወረቀትና ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ይቀመጥ።