ታክሲው ነው የሚበላችሁ

ጠጋ በሉማ፤ ይህን ባንኮኒው ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አልናገረውም። አዲስ አበባ፣ ከላም በረት መናኸሪያ ብዙም በማይርቅ ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከዚያ በፊት በደሴ መስመር አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበርኩ። የሰንበቴ ልጅ ስለሆንኩ ከጅሌ ጥሙጋም፣ ከከሚሴም፣ ከአጣዬም የመጣ እንግዳ አፉን እንደከፈተ እለየዋለሁ። ሁሉም የሚጠይቀኝ «ርካሽ አልጋ አለ?» ብሎ ነው። «ከዚህ ተነስቼ ጉዳዬ ዘንድ እስክደርስ ስንት መኪና እቀይራለሁ?» የሚለኝ ግን የለም። ኪሳችሁ የሚራቆተው በዚህ ባልተጠየቀው ጥያቄ በኩል ነው።

ከቀኑ እንጀምር። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ይገናኛል፣ ብር እጅ የሚገባውም እሑድ ማታ ነው። ስለዚህ ሰኞ መነሳት ለነጋዴም ለታማሚም ያዋጣል። መርካቶ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ዓርብም በጁምዓ ሰዓት በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ብዙው መዝጊያውን ያወርዳል። ሙሉ የሥራ ቀን የምታገኙት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ነው። እነዚህ ቀናት ደግሞ ለእኛ ለአልጋ ቤቶች ቀዝቃዛ ናቸው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ክፍሉን የሚፈልግ ሌላ ደንበኛ ስላለ «ቀንስልኝ» ብትሉኝ ፈገግ ብዬ አልፋችኋለሁ። ማክሰኞ ማታ «ሦስት ሌሊት አድራለሁ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» ያለኝን ግን ዝም ብዬ አልሸኘውም፤ ባዶ ክፍል ለባለቤቱ ምንም አያስገባም።

ከተማዋም የራሷ ቀን መቁጠሪያ አላት። በየካቲት መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር መሪዎች ሲያልፉ መንገድ ይዘጋል፤ ሜክሲኮና ቦሌ አካባቢ ጉዳይ ያለው ሰው ግማሽ ቀኑ ቆሞ ያልፋል። መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ዙሪያውን ይዘጋል። በኅዳር የታላቁ ሩጫ እሑድም እንደዚያው ነው። የሐኪም ቀጠሮ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ከእነዚህ ቀናት ሽሹ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከሰንበቴ አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ሰው ልማድ አስፋልት ዳር ቆሞ ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ እጅ አንስቶ ማስቆም ነው። ይህ የረዳት ሠርግ ነው። ከኮምቦልቻ ሞልቶ የተነሳ መኪና ሰንበቴ ላይ ሲያቆም ያለው ቦታ አንድም ከሚሴ ወይም አጣዬ የወረደ ሰው ወንበር ነው፣ አንድም ትርፍ ነው። ትርፍ ማለት መተላለፊያው ላይ ዱካ ወይም ጀሪካን ነው። ክፍያው ግን የሙሉ ወንበር ነው፣ ትኬት የለውም፣ ገንዘቡም ረዳቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ስትደርሱ «ጎንበስ በሉ!» ትባላላችሁ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እናትየው ልጇን አቅፋ፣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ፖሊሱ አጎንብሶ በመስኮት ሲያይ ረዳቱ ቀና ብሎ ይስቅለታል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ስማችሁ በተሳፋሪ ዝርዝር ላይ የለም።

የሚያዋጣው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አጣዬ ወይም ከሚሴ መናኸሪያ ሄዶ፣ በመስኮት በታሪፉ ትኬት ቆርጦ፣ ወንበር ይዞ መነሳት ነው። ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል፤ ነገር ግን ስድስት ሰዓት ጉልበት አቅፎ ከመቀመጥ ይሻላል። ሁለተኛው በቁርጥራጭ መሄድ ነው፦ በአባዱላ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። መነሻው ሁሉ መናኸሪያ ስለሆነ ታሪፉን የተለጠፈ ታገኙታላችሁ፤ ሲደክማችሁም ታርፋላችሁ። በተለይ ታማሚ የያዘ ሰው ይህንን ይምረጥ።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። ቆላ የለመደ ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ጉም ውስጥ ሲገባ በሸሚዝ የመጣው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጋቢያችሁን መኪናው ጣሪያ ላይ አታስጭኑት፤ ጉልበታችሁ ላይ ይሁን። ሌላው የጸጥታው ነገር ነው። ይህ መስመር በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተቃጠለችበት ጊዜ ጀምሮ ሲዘጋና ሲከፈት የምታውቁት ነው። ማታ ለሾፌሮች ደውላችሁ መንገዱን ሳትጠይቁ አትነሱ፤ የአንድ ሌሊት የደብረ ብርሃን አልጋና እራት ብርም ለብቻው ቋጥራችሁ ያዙ። ያ ብር ሳይነካ ከተመለሰ ትርፍ ነው።

ላም በረት ደረሳችሁ። ሻንጣችሁን ሳታወርዱ አንዱ ልጅ እጀታውን ይይዛል። «ፋዘር፣ አልጋ ነው? ጽድት ያለ አለ፣ እዚሁ ነው!» ልጁ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ እንጀራው ነው። እኔ ባንኮኒው ጋ ሆኜ የማየውን ግን ልንገራችሁ። ልጁ ከእናንተ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ይገባና «እንግዳ አምጥቻለሁ» ይለኛል። በዚያች ቃል የክፍሉ ዋጋ ከፍ አለ፤ የሱ ድርሻ ከላይ ተጭኗል። እናንተ ተከራክራችሁ ትንሽ ስታስቀንሱ ደስ ይላችኋል፤ ያስቀነሳችሁት ግን ከተጨመረው ላይ ነው። እናንተ ደረጃውን ስትወጡ እሱ ድርሻውን ይቀበላል። ብቻችሁን ብትገቡ ኖሮ ያንን ክፍል ቀድሞ በነበረው ዋጋ ታገኙት ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «አልጋ ይዣለሁ» በሉትና ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። መናኸሪያው በር ላይ ያለውን የመጀመሪያ ቤት ተዉት፤ ጥቂት ወደ ውስጥ የገባው ቤት ከጩኸትም ከዋጋም ያሳርፋል።

ክፍል ስታዩ ምን ትጠይቃላችሁ? ብዙ ሰው አልጋውን ዳስሶ ይወጣል። እናንተ ግን ቧንቧውን ክፈቱ፤ ውኃ ካለም «ማታ ይመጣል ወይስ አሁን ብቻ ነው? ታንከር አላችሁ?» በሉ። ሙቅ ውኃ አለ ከተባላችሁ ቦይለሩ የሚሠራ መሆኑን አይታችሁ እመኑ። የጋራ ሻወር ያለው ክፍል ከባለ ሻወሩ ረክሶ ሳለ አንዳንዱ ተቀባይ ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፤ ጠይቁት። ምድር ቤት ግሮሰሪ ካለ ከሱ በላይ ያለውን ክፍል አትያዙ፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። መጠጥ የማይሸጥበት ቤት የምትፈልጉ ከሆነ መርካቶ አንዋር አካባቢ አታጡም። ብቻዋን የመጣች እህት ከባንኮኒው ቅርብ ያለውን ክፍል ትምረጥ፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ መያዙን በእጇ ታረጋግጥ። መታወቂያ የሌለው ሰው አናሳድርም፤ ሁለት ከሆናችሁ የሁለታችሁንም ያዙ። የመውጫ ሰዓቱንም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አራት ሰዓት የሚል ቤት አለ፣ ስድስት የሚልም አለ፤ ካሳለፋችሁት የሌላ ቀን ሒሳብ ይመጣል። በመሥሪያ ቤት አበል የመጣችሁ ደግሞ «ከነደረሰኝ ስንት ነው?» በሉ። በቃል የተነገረው ዋጋ ላይ በኋላ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር አትደንግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አልጋውን በጉዳያችሁ ምረጡ። ላም በረት አልጋ መያዝ የሚያዋጣው በነጋታው ማለዳ ለሚመለስ ሰው ነው። ሪፈር ተጽፎለት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው ለምን ላም በረት ያድራል? ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ያለውን ሰልፍ ካያችሁ ይገባችኋል። ከተማዋ ከዚያ ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከ11 ሰዓት ወዲህ ታፍና ትቆማለች። ቀጠሮው ያመለጠው ታማሚ ሌላ ቀን ያድራል፤ ያ ሌላ ቀን ከአልጋ ላይ የቆጠባችሁትን ሁሉ ይወስደዋል። ሜክሲኮ፣ ሰንጋ ተራ ወይም ልደታ ያለ አልጋ በሌሊት ጥቂት ቢወደድም ሆስፒታሉ በእግር ነው፤ ኢሚግሬሽንም ከዚያው አይርቅም። ጉዳዩ ጳውሎስ ሆስፒታል የሆነ ደግሞ ወደ ጉለሌና መርካቶ ይጠጋ።

ሐዲዱን እወቁት። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የምሥራቅ-ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በልደታ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚደርስ ነበር። ከላም በረት በሚኒባስ መገናኛ ወርዳችሁ ባቡሩን ከያዛችሁ ከታክሲ ሰልፍ ትገላገላላችሁ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ መርካቶ የሚሄድ ሰው ልደታ ወርዶ በአብነትና በሰባተኛ በኩል ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄደውን ይጠብቃል። ትኬት የሚቆረጠው ሳትሳፈሩ፣ ጣቢያው አጠገብ ካለችው ሱቅ ነው፤ እስክትወርዱ አትጣሉት፣ ተቆጣጣሪ ይጠይቃል። ባቡሩ ይሞላል፣ የሚዘገይበትም ቀን አለ፤ ዋጋው ግን ከታክሲ አይወዳደርም። ማዳበሪያ ተሸክማችሁ አትግቡ። የመርካቶ ዕቃችሁን እዚያው ወደ ወሎ መስመር ለሚጭኑት አይሱዙዎች አስረክቡና ባዶ እጃችሁን ተመለሱ።

ታክሲ ላይ ሁለት ሥርዓት ያዙ። ታፔላውን ሳታዩ አትግቡ፤ ወያላው የሚጮኸው ሰፈርና ታፔላው ላይ የተጻፈው አንድ ካልሆነ መንገዱ ሊቆራረጥ ነው፣ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ዝርዝር ብርም ያዙ፤ ጠዋት በመቶ ብር የሚሳፈር ሰው መልሱን እያሰበ መውረጃው ያልፈዋል። ስትደርሱ «ወራጅ አለ!» በሉ እንጂ ወያላው ያስታውሰኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ታማሚ ይዛችሁ ኮንትራት ከመከራከር በ8294 ራይድ ጥሩ፤ የሚከፈለው ቆጣሪው የሚለው ነው። የአንበሳና የሸገር አውቶቡስ ደግሞ ከታክሲ ይረክሳል፤ ጠዋትና ማታ ኪሳችሁን ጠብቁ እንጂ በቀትር የተመቸ ነው።

«ዘመድ እያለ አልጋ?» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ ዘመድ ቤት ማደር ባህላችን ነው። ዘመድ ግን እንደ ድሮው አራዳ መሀል አይደለም። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ገብቷል። ከዚያ ጥቁር አንበሳ መመላለስ ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት መኪና ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና ቅቤውንና ፍየሏንም ቁጠሯት። የእኔ ምክር፦ ሥራችሁን አልጋ ይዛችሁ ጨርሱ፣ በመጨረሻው ማታ ዘመድ ቤት ግቡ። ዘመዱም ሳይሳቀቅ ያስተናግዳችኋል።

አጎት የነገራችሁን የአልጋ አድራሻም ሳታጣሩ አትመኑ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፤ በብዙ ሰፈር የታክሲ መያዣውም ቦታውን ቀይሯል። በቅርብ ወር የመጣ ሰው ጠይቁ። እሑድ ገበያ ላይ «አዲስ አበባ በርካሽ አደርኩ» የሚል አይታጣም። አልጋውን በስንት እንደያዘ አትጠይቁት፤ በቀን ስንት መኪና ይቀይር እንደነበር ጠይቁት። እጁን አንስቶ ጣቶቹን መቁጠር ከጀመረ በውድ ነው ያደረው።