ከእስክንድርያ እስከ ጎጃም ደጋ፦ የቀደምት ሰባክያን ሥፍራ በማስረጃ ሚዛን

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቁይና ቢቸና፣ ክርስትና በማን እጅ ገባ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ መላሹ ይለያያል። የአድባራቱ ትውፊት ከኦሪት መሥዋዕት ተነሥቶ በአብርሃ ወአጽብሓ በኩል ይወርዳል፤ የታሪክ ጸሐፊው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ይጀምራል። የልዩነቱ ዋና ምክንያት የምስክሮቹ ዕድሜ ነው። ነገሩ መቼ ሆነ ከማለት ጋር መቼ ተጻፈ፣ ማን ጻፈው፣ ጸሐፊውስ ከማን ሰማ ተብሎ ይጠየቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከምስክሮቹ ሁሉ የሚቀድመው አዲስ ኪዳን ስለ ብዙዎቹ ሐዋርያት ዝም ይላል። የሐዋርያት ሥራ በጴጥሮስ ጀምሮ ወደ ጳውሎስ ያዘነብላል፤ ከአሥራ ሁለቱ አብዛኞቹ በምዕራፍ 1 ከተዘረዘሩ በኋላ በስማቸው አይነሡም። ማስረጃው የሚበረታው ለጳውሎስ ነው። የራሱ መልእክታት አሉ፤ በዴልፊ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍም በሐዋርያት ሥራ 18 የተጠቀሰው ጋልዮስ አካይያን የገዛበትን ጊዜ 51 እና 52 አካባቢ ስለሚያውለው፣ ሐዋርያው በቆሮንቶስ የቆየበት ወቅት ይታወቃል። ወደ እስጳንያ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሮሜ 15 የሚገኘው ዕቅዱ እንጂ ጉዞው አይደለም።

ለጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው ማርቆስ ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አዲስ ኪዳን ማርቆስን በኢየሩሳሌም በእናቱ ቤት፣ ከበርናባስ ጋር በቆጵሮስ፣ ኋላም ከጳውሎስ ጋር ያሳያል፤ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ማብቂያ ልጁ ይለዋል። ወደ ግብፅ ወረደ የሚል ቃል ግን የለም። የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን መመሥረቱን በታሪክ መጽሐፉ ያሰፈረው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን የሚነግረን ሲባል እንደሰማ አድርጎ ነው። በመካከሉ 250 ዓመት ገደማ አለ። ርቀቱ ትውፊቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ብዙ እንዲሸከም ሲደረግ ግን መመዘን አለበት።

የተጫነበትም ቀላል አልነበረም። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ የደነገገው 20 ቀኖና ነው። በኋላ ዘመን በዐረብኛ የተስፋፋው ስብስብ ግን ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ ጨመረ፤ አንቀጹ በፍትሐ ነገሥት በኩል ወደ ግእዝ ገባ። በዚህ መሠረት የማርቆስ መንበር ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሲልክ ኖረ። በ1881 ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ሉቃስ የተመደቡት ለጎጃም ነበር። ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስ፣ የተሾሙት በ1959 ነው። ማን የት ሰበከ የሚለው የጥንት ጥያቄ የሹመት ጥያቄም እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በአዲስ ኪዳን ኢትዮጵያን በስም የሚያነሣው ታሪክ በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው የጃንደረባው ነው። የህንደኬ በጅሮንድ ኢሳይያስን እያነበበ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ፊልጶስ አግኝቶ አጠመቀው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያሻል። አንደኛ፣ ይህ ፊልጶስ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነው፤ ጥንታውያን ጸሐፊዎችም ሳይቀሩ ከሐዋርያው ፊልጶስ ጋር ቀላቅለውታል። ሁለተኛ፣ ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን በናይል ዳር የነበረችው የመሮዌ እቴጌዎች የማዕረግ ስም ነው፤ በጊዜው ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉትም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ነበር። ስሙ ወደ አክሱም መምጣቱ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ ይታያል፤ በሌላው ቋንቋ ሐበሻ የተባለው በግሪኩ ኢትዮጵያውያን ተብሏል። ጃንደረባው አገሩ ገብቶ መስበኩን የሐዋርያት ሥራ አይናገርም፤ ደስ እያለው መንገዱን ሄደ ብሎ ይተወዋል። ስለ ስብከቱ የጻፈው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሄሬኔዎስ ነው፤ አውሳብዮስም ደግሞታል። ስለዚህ ታሪኩ አንድ አማኝ ወደ አካባቢው እንደተመለሰ ያስረዳል፤ በአክሱም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ ለማለት ግን አያደርስም።

የማቴዎስ ነገር ከዚህ ይቀጥናል። አውሳብዮስ ሐዋርያት የተከፋፈሉትን አገር ሲቆጥር ቶማስን ለጳርቴ፣ እንድርያስን ለእስኩቴስ፣ ዮሐንስን ለእስያ ይሰጣል፤ ማቴዎስን በዚያ ዝርዝር አያነሣውም። ኢትዮጵያ ለማቴዎስ ደረሰች የሚለው በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሩፊኖስ፣ ጥቂት ቆይቶም በሶቅራጥስ ይገኛል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ገድለ ሐዋርያት ደግሞ ማቴዎስን የሚያሰብከው በካህናት ከተማ ነው፤ ያቺ ከተማ የት እንዳለች በካርታ ላይ ማመልከት አይቻልም። ጥቅምት 12 የሚከበረው መታሰቢያ የቤተ ክርስቲያንን ክብር ይመሰክራል፤ የጉዞ መዝገብ ሆኖ ግን አያገለግልም።

ሚዛኑ በእርግጠኝነት የሚደፋው ወደ ፍሬምናጦስ፣ ወደ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሲደረስ ነው። ሩፊኖስ እንደጻፈው የጢሮስ ፈላስፋ ሜሮጵዮስ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን አስከትሎ ሲጓዝ መርከቡ ጥቃት ደረሰበት፤ የተረፉት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በቤተ መንግሥት አደጉ። ፍሬምናጦስ በኋላ እስክንድርያ ወርዶ አዲሱን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን ጳጳስ እንዲልክ ሲጠይቅ ራሱ ተሾሞ ተመለሰ። ሩፊኖስ ይህን የሰማሁት ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ነው ይላል፤ ኤዴስዮስ ያን ጊዜ በጢሮስ ቄስ ነበር። ምስክርነቱ ከባለቤቱ እስከ ጸሐፊው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ሆኖም ሩፊኖስ አገሩን ህንድ ብሎ ስለጠራው፣ ያ ጽሑፍ ብቻውን ቢቀር አክሱምን መለየት ባልተቻለ ነበር።

ጎደሎውን የሞላው የጠላት ደብዳቤ ነው። አትናቴዎስን ያሳደደው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጥዮስ በ356 አካባቢ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ በአዲሱ ተሿሚ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲመልሱት ጠየቀ። አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ አቆይቶታል። ተቀናቃኝ ስለተቀናቃኙ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ምስክርነት ከወዳጅ ምስጋና ይበልጥ ይታመናል፤ ሹመቱን ለማፍረስ የተነሣው ሰው መኖሩን አረጋገጠ። በዚህ ላይ የኢዛና ሳንቲሞች መጀመሪያ ጨረቃና ክብ፣ በኋላ መስቀል ይዘዋል። ቀደምት ጽሑፎቹ ማሕረም የተባለውን አምላክ ሲያነሡ፣ አንዱ የግእዝ ጽሑፍ የሰማይ ጌታን ያወድሳል፤ በ1969 የተገኘው የግሪክ ጽሑፍ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በየሐ አጠገብ በቤተ ሰማቲ የተቆፈረውና በ2019 ይፋ የሆነው ባዚሊካም ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። የሚያከራክረው የፍሬምናጦስ ሹመት ዓመት ነው፤ አትናቴዎስ ሊቀ ጳጳስ የሆነው በ328 ስለሆነ አንዳንዱ ወደዚያ ያስጠጋዋል፣ ሌላው ከስደት በተመለሰበት በ346 ዙሪያ ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ ስለሚጠሩት ተስዓቱ ቅዱሳን ነገሩ ወደ ቀድሞው ችግር ይመለሳል። የሚነገርላቸው ዘመን 5ኛውና 6ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ገድሎቻቸው የተጻፉት ግን ወደ ሺህ ዓመት ዘግይተው ነው። ገዳማቱም፣ ደብረ ዳሞና አባ ገሪማ፣ ትግራይ ውስጥ እንጂ በጎጃም ደጋ አይደሉም።

አብርሃ ወአጽብሓ በጎጃም ትውፊት ከመርጡለ ማርያም ጋር ይያያዛሉ። ደብሩ የኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው ጥቂት ሥፍራዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ ወንድማማቾቹ ነገሥታትም በክርስትና ስም አጽንተውታል ይባላል። ስሞቹ ኢዛናንና ሳይዛናን ያመለክታሉ የሚለው የተለመደ ነው፤ በድንጋዮቹ ላይ ግን አይገኙም። እለ አጽብሓ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ የመንግሥት ስም መሆኑ፣ አብርሃ ደግሞ በዚያው ዘመን የመንን የገዛ ሰው መሆኑ ሁለት ትዝታዎች ተደርበው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ያሳድራል። በሥፍራው ቆሞ የሚታየው የተጠረበ ድንጋይ ፍራሽ የሚያያዘው ከእቴጌ እሌኒ ጋር ነው፤ በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝም በጎጃም ያሠራችውን ቤተ ክርስቲያን ጠቅሷል።

ለደጋው የተረጋገጠው የስብከት ታሪክ የሚጀምረው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344) ነው፤ ጎጃም በንጉሡ ሥር ስትገባ መነኮሳት በጣና ደሴቶችና በዓባይ ማዶ ገዳማት ተከሉ። ከቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የሚያነሣው መሥራች ተከስተ ብርሃን የዚህ ትውልድ ሰው ነው።