የአደን ቀስት ገዢ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት

በሰሜን አሜሪካ የአደን ዕቃ ገበያ ባለፉት ዓመታት ሰፊ ቦታ ከያዙት ሸቀጦች አንዱ ባለቃታ ቀስት ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ክሮስቦው የሚባለው ይህ መሣሪያ እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ቃታ አለው፤ ፍላጻውን የሚወረውረው ግን በባሩድ ሳይሆን በተወጠረ ደጋን ኃይል ነው። ገበያውን ያሰፋው የሕግ ለውጥ ነው። ኦሃዮ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአጋዘን አደን ፈቅዳለች። ፔንስልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለቀስት አደን ወቅት በሙሉ ስትፈቅድ፣ ዊስኮንሲንም በ2014 በሯን ከፍታለች። ገዢው ሲበዛ ሞዴሉም በዛ፤ ማስታወቂያውም በፍጥነት ቁጥር ተሞላ። በዚህ መሐል ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ምን እንደሚገዛ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ሪከርቭ ወይስ ኮምፓውንድ?

በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ደጋን አለ። ሪከርቭ የሚባለው ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ፣ አንድ ጅማት ብቻ ያለው ቀላል ደጋን ነው። ኮምፓውንድ የሚባለው ደግሞ በፑሊና በተጨማሪ ገመዶች የሚሠራ ነው። በሪከርቭ ሥራ ስሙ ከሚነሳው መካከል እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ ኦንታሪዮ የተቋቋመው ኤክስካሊበር ይገኝበታል።

ኮምፓውንዱ ጠባብና ለመወጠር የቀለለ ነው፤ ፍጥነቱም ከፍ ይላል። ይሁንና ጅማቱ ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ ልዩ ማሽን ወዳለው ሱቅ መሄድ ግድ ነው። በአደን ወቅት መካከል ይህ ማለት የጠፋ ሳምንት ማለት ነው። የሪከርቩን ጅማት ግን ባለቤቱ በትንሽ መርጃ ገመድ ጫካ ውስጥ ሆኖ ሊቀይረው ይችላል። በአንጻሩ ሪከርቭ ሰፊ ነው፣ ይጮሃል፣ ለመወጠርም ይከብዳል። ውጥረቱ 260 ፓውንድ ወይም 118 ኪሎ ግራም የሆነ ደጋን በመወጠሪያ ገመድ ሲሳብ በክንድ ላይ የሚያርፈው ግማሹ፣ ማለትም 59 ኪሎ ያህል ነው። ይህን ደጋግሞ ማንሳት የማይችል ሰው ቀለል ያለ ሞዴል ወይም በእጅ የሚዞር ማጠንጠኛ ይፈልጋል።

የፍጥነት ቁጥሩ የሚደብቀው

ሻጮች አስቀድመው የሚጠሩት ፍጥነትን ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው በቀላል ፍላጻ ነው። ለምሳሌ ያህል 350 ግሬን ወይም 22.7 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 330 ጫማ ቢበር ጉልበቱ 115 ጁል ያህል ይሆናል። 400 ግሬን የሚመዝነው በሰከንድ 310 ጫማ ቢበር ደግሞ ጉልበቱ 116 ጁል ገደማ ነው። በፍጥነት 20 ጫማ የቀነሰው ፍላጻ በጉልበት አላነሰም፤ ከባድ በመሆኑ ዘልቆ የመግባት ኃይሉ እንዲያውም የተሻለ ነው። በመሆኑም የፍላጻውን ክብደት ሳይጠይቅ ለፍጥነት ብቻ ጭማሪ የሚከፍል ገዢ ለቁጥር እንደከፈለ ይቆጠራል።

ሙሉው ሒሳብ

የሪከርቭ ዋጋ ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ከ1,000 ዶላር በላይ ይዘልቃል። ከፍተኛ የሚባሉት ኮምፓውንዶች ከ2,000 ዶላር ያልፋሉ። ነገር ግን ሒሳቡ መሣሪያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ አያልቅም። ፍላጻ፣ ስለታም የአደን ጫፍ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ የመወጠሪያ ገመድ፣ መለዋወጫ ጅማት፣ የጅማት ሰም፣ የኢላማ ፎምና የርቀት መለኪያ ሁሉ ይጨመራሉ። ከዋጋው ውስጥ የትኞቹ እንደሚካተቱ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተለይ የፍላጻው ክብደትና የጭራው ዓይነት አምራቹ ያዘዘው መሆን አለበት። ያልተስማማ ጭራ ጅማቱ ፍላጻውን ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ያም ያለ ፍላጻ ከመተኮስ አይለይም። ፍላጻ ሊሸከመው የሚገባው ጉልበት ወደ ደጋኑ ተመልሶ ክንፉን ሊሰነጥቅ ይችላል።

አሞካከሩ

የመጀመሪያው ፍተሻ የሚከናወነው ደጋኑ ሳይወጠር ነው። የጥጥ ቁራጭ በደጋኑ ክንፎች ላይ በቀስታ ይጎተታል፤ ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ ወይም የተነሳ ፋይበር አለ ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ከሻጩ ቃል ትበልጣለች። ቀጥሎም የጅማቱ መሐል መላላጡና ሐዲዱ መቧጨሩ ይታያል።

ሁለተኛው የአወጣጠሩ ፈተና ነው። ጅማቱ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ በሚያርፍበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረጋል። ሲወጠር ምልክቶቹ እኩል ካልመጡ ፍላጻው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ብዙ ሰው መነጽሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው ዕቃ ጉድለቱ ይኸው ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው የተኩስ ሙከራ ነው። በ18 ሜትር ተጀምሮ ወደ 27 ሜትር ይታለፋል። ፍላጻዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይሰባበሩ እያንዳንዱ በየራሱ ነጥብ ላይ ይተኮሳል። በ27 ሜትር ላይ የሦስት ፍላጻዎች ስሕተት ተደምሮ ከስኒ ማስቀመጫ ስፋት ካላለፈ መሣሪያው ለሥራ የሚበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሙከራው በአደን ጫፍ መደገም አለበት፤ ስለታሙ ጫፍ ነፋስ ስለሚይዝ ከመለማመጃው ጫፍ የተለየ ቦታ ሊመታ ይችላል። በሙከራው ሁሉ የደገፈው እጅ ጣቶች ከሐዲዱ በታች መሆን ይገባቸዋል፤ ጅማቱ ጣት ይቆርጣል።

አራተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። በሰከንድ 100 ሜትር ያህል የሚበር ፍላጻ በ18 ሜትር ላይ ከተስተካከለ በ36 ሜትር ላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚይዙት ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ርቀቱን በግምት የወሰደ አዳኝ እንስሳውን አቁስሎ ይሰደዋል፤ ሥጋውም ይባክናል፣ እንስሳውም ተሠቃይቶ ይሞታል። ስለዚህ ገንዘብ አጥሮ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ከተጨማሪ ፍጥነት ይልቅ የርቀት መለኪያው ይቅደም።

ሕጉ ከዋጋው ይቀድማል

አንድ ቦታ የተፈቀደው ሌላ ቦታ ወንጀል ነው። ኦንታሪዮ ለአጋዘን ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም፣ ለጥቁር ድብ ደግሞ 54 ኪሎ ግራም ውጥረት ትጠይቃለች። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ በዚህ መሣሪያ ማደንን ይከለክላል። ከአገር አገር ዕቃ የሚያዘዋውር ነጋዴም ሆነ ለራሱ የሚገዛ ሰው የሚያድንበትን ቦታ ደንብ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ደንቡን ያየ፣ ጥጡን የጎተተና በ27 ሜትር የሞከረ ገዢ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ሲነጋገር የሚይዘው ማስረጃ አለው።