ያልታየ ችሎታ የሀገር ኪሳራ ነው

ስለ ገቢ ልዩነት በተነሳ ቁጥር ተከራካሪዎች ሁለት ጎራ ይይዛሉ። አንዱ ወገን «መጀመሪያ ሀገር ትደግ፣ ማካፈሉ ይደርሳል» ይላል፤ ሌላው «ድሃው ካልተጠቀመ ዕድገት ምን ይረባል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዕድገትንና ፍትሕን ለየብቻ ይመዝናሉ። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ሰው የሚችለውን ሥራ እንዳይሠራ የሚያግደው የትኛው ልዩነት ነው የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ድሃውን ጎድቶ አያበቃም፤ ሀገሪቱንም ያደኸያል።

ልዩነትን ለመለካት በብዛት የሚሠራበት ጂኒ የተባለው መለኪያ ነው፤ ዜሮ ሲሆን ሁሉም እኩል ነው፣ አንድ ሲሆን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። በቤተሰብ ፍጆታ ሲሰላ የኢትዮጵያ ጂኒ በ1997 ዓ.ም. 0.30 ገደማ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 0.33 ገደማ ነበር። በዚያው ጊዜ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ ከ38.7 በመቶ ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ልዩነቱ በጥቂቱ ቢሰፋም ብዙ ድሃ ተጠቅሟል ማለት ነው። በሌላ በኩል የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የባላባቱን ይዞታ አፍርሶ በገጠር የነበረውን ልዩነት ቢያጠብም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣውን የ1977ቱን ረሃብ አላስቀረም። እኩልነት ብቻውን ጎተራ አይሞላም። ከተማ ውስጥ ግን ጂኒ በ2008 ዓ.ም. 0.38 ነበር፤ ጥያቄው የሚከረውም እዚሁ ነው።

የአዲስ አበባውን ኮልፌ ቀራኒዮ እንውሰድ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ አየር ጤና፣ ቤቴልና ዓለም ባንክ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ሥራ ፈላጊው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማየት ወደ መሀል ከተማ ይጓዛል፤ ገቢ ለሌለው ወጣት የታክሲው ወጪ ቀላል አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ግሩም አበበና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ይህን እንቅፋት አዲስ አበባ ውስጥ ፈትሸዋል። ከመሀል ከተማ ርቀው ከሚኖሩ ወጣቶች ለከፊሎቹ የመጓጓዣ ድጎማ ተሰጠ፤ ሌሎቹ የማመልከቻ አጻጻፍ ሠልጥነው፣ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት አገኙ። ሁለቱም ድጋፎች መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ቶሎ ከፍ አደረጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የድጎማው ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ የሥልጠናውና የፈተናው ዘልቆ ደመወዝንና የሥራ ቆይታን ጨምሯል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው ወደ ኋላ የሚቀሩት ናቸው። ችሎታው ቀድሞም ነበራቸው፤ ቀጣሪው ግን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

«የሥራው ብዛት ካልጨመረ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ከፊል እውነት አለው፤ የምስክር ወረቀት ፋብሪካ አይከፍትም፣ ብድርና መብራትም አይተካም። ይሁንና ችሎታን መለየት ያቃተው ቀጣሪ በዘመድና በትውውቅ ይቀጥራል፤ ሥራው ለሚችለው ሳይደርስ ሲቀር የድርጅቱም ምርት ይቀንሳል። «ልዩነት ለትጋት ማበረታቻ ነው» ለሚሉትም መልሱ ቅርብ ነው፦ የሠራ ይከፈለው፤ መሀል ከተማ መወለድ ወይም ዘመድ ማብዛት ግን ትጋት አይደለም።

እንቅፋቱ ከሥራ ፍለጋም በፊት ይጀምራል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኦዴድ ጋሎርና ዮሴፍ ዘይራ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስረዱት፣ ድሃ መበደር በማይችልበት ሀገር የልጅ ትምህርት በወላጅ ሀብት ይወሰናል፤ የሀገሪቱ የነገ ምርትም አብሮ ይገታል። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይህን ለመፈተን አመቺ ሆኗል፤ ባለዕድሉን ከሌላው የለየው ዕጣው ብቻ ነውና። ሁለቱን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የባለዕድሎቹ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅና ከዚያ በላይ የመማር ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ለሁሉም ቤት ማደል አይቻል ይሆናል፤ የልጁን ትምህርት ከወላጁ ኪስ ማላቀቅ ግን ይቻላል። በየወረዳው ቀጣሪ የሚያምነው የችሎታ ፈተና ማዘጋጀትም ይቻላል፤ የሥልጠናውና የፈተናው ወጪ ካስገኘው የደመወዝ ጭማሪ አንጻር ትንሽ መሆኑ በእነ ግሩም ጥናት እዚሁ ከተማ ተለክቷል። እንዲህ ያለውን ሥራ «ሀገር ካደገች በኋላ» ብሎ ማቆየት ዕድገቱን ራሱን ማዘግየት ነው።